ላም አለኝ በሰማይ፦ «ትምህርቱ አልተቋረጠም» ለሚሉን

ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የጻፍኩት። ጊዜ ያለው አሁን ያንብበው፣ የሌለው ማታ ያንብበው፣ የማይስማማ ደግሞ ከታች ይሞግተኝ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጫግኒ ከወዳጆቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ወሬው ወደ ልጆች ትምህርት ዞረ። ከመካከላችን አንዱ፣ የተማረና የማከብረው ሰው፣ እንዲህ አለ፦ «ምን ያስጨንቃችኋል? ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም በቴሌግራም ይላክላቸዋል፤ ቴሌቪዥን አለ፣ ሬዲዮ አለ። ዋናው ትምህርቱ አለመቋረጡ ነው።» የተቀመጠው ሁሉ «እሱስ ልክ ነህ» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ስለቆጨኝ ነው ይህን የምጽፈው።

«ዋናው ትምህርቱ አለመቋረጡ ነው።» ይህችን አባባል ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ጊዜ ሰማናት? ባለሥልጣን መግለጫ ሲሰጥ ይላታል። የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ወርሃዊ ክፍያ ሲጠይቅ ይላታል። ውጭ ያለ ዘመድ ደውሎ ሲያጽናናን ይላታል። እኛም ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች ልጁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ስናየው ለራሳችን እንላታለን።

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ይህች አባባል ልጆቻችንን እየጎዳች ነው። ትምህርት ቤት ለልጅ የሚሰጠው ብዙ ነገር ነው፤ ከዚያ ውስጥ በርቀት ሊላክ የሚችለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከደረሰ። ሩጫው አይላክም። ጓደኛው አይላክም። «ዛሬ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» የሚለው የመምህር ዓይን አይላክም። እነዚህ ሁሉ ተቋርጠው «አልተቋረጠም» ስንባባል ልጆቹ በአካላቸውም በልባቸውም ሲጎዱ የማያይ ዓይን አበጅተናል። አባቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ነበር። የኛዋ ላም ደግሞ እውነትም ሰማይ ላይ ናት፤ በሳተላይት ነው የምትመጣው።

*

በሰማይ የምትመጣዋን ላም አውቃታለሁ። የፕላዝማ ትውልድ ነኝ።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን ያን ትልቅ ቴሌቪዥን የዕድሜ እኩዮቼ አትረሱትም። ትምህርቱ ከላይ ይወርዳል፣ በእንግሊዝኛ ይነገራል፣ የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። እኔ በ1999 ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። የፕላዝማዋ መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች። ከዚያ ከመካከላችን አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት «በጣም ጥሩ!» ብላ ትቀጥላለች። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

ያኔ ቀልድ ነበር። ዛሬ ሳስበው አያስቀኝም። ሳይመልሱ «በጣም ጥሩ» መባል ማለት እኮ፣ «ብትኖርም ባትኖርም ለኔ አንድ ነው» መባል ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል፤ ሳተላይቱ ግን እኛን አይጠብቅም። በማግስቱ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው።

ታዲያ እንዴት አለፍነው? አጠገባችን ሰው ስለነበረ ነው። መብራት ሲጠፋ ጠመኔውን አንሥቶ «ኑ እስቲ በኛ ቋንቋ እንየው» የሚል የሒሳብ መምህር ነበረን። ያልገባኝን በክርኑ ጎሸም እያደረገ የሚያሳየኝ የዴስክ ጓደኛ ነበረኝ። በዕረፍት ሰዓት የጨርቅ ኳስ ነበረ። ሚኒ ሚዲያ ነበረ፦ በጠዋት ሰልፍ ላይ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ዜና ያነበብኩበት። ዛሬ እንጀራ የምበላበት ሙያ የተጀመረው እዚያች ማይክ ላይ ነው። በሰማይ ከመጣው ትምህርት ያስታወስኩትን ብትጠይቁኝ ጥቂት ነው፤ ምድር ላይ ካገኘሁት ግን ዛሬም እየበላሁ ነው።

ፕላዝማ የርቀት ትምህርት ነበር፤ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ የተቀመጠ የርቀት ትምህርት ነበር። የኛ ልጆች የተሰጣቸው ግን ያለ ዴስክ ጓደኛ፣ ያለ ጠመኔ፣ ያለ ኳስ ነው።

*

ወደ 2012 እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ተቀመጠ። በውሳኔው ላይ ጥያቄ የለኝም፤ በሽታው አዲስ ነበር፣ ዓለምም ሁሉ ዘግቶ ነበር። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ሬዲዮ ተከፈተ፣ ቴሌቪዥን ተከፈተ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፤ «ትምህርት በርቀት ቀጥሏል» ተባለ፤ ሁላችንም ተንፈስ አልን። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየደረጃው እስኪከፈት ድረስ ሰባት ወር ሙሉ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። እህቴ ሱቅ አላት። ሬዲዮኑ ሱቁ ውስጥ ነው። ሕፃኗ ባልኮኒው ሥር ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ሬዲዮ «ትማራለች»፤ ከላይ ስኳር ይመዘናል፣ ሒሳብ ይጣላል፣ ባጃጅ ይንጫጫል። «ምን አሉሽ ዛሬ?» ስላት ትከሻዋን ትነቀንቃለች። ስንት ቤት እንዲህ እንደነበር እናንተው ታውቃላችሁ። ሬዲዮኑም በሌለበት ገጠር ደግሞ ልጁ ከከብት ጋር ነበር የዋለው። ቤቱ አውኚ የሚናገር፣ ፊደልንም በአውኚ የጀመረ ሕፃን በሬዲዮ የሚነገረውን ቢሰማውስ ስንቱን ይረዳዋል?

ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጅቷ ያለፈተና ወደ ሦስተኛ ክፍል አለፈች። ክፍል ውስጥ ግን ዝም አለች። ጣቷን አታነሣም። አንድ ቀን ውሃ ሽንት መጥቶባት «ላስፈቅድ» ማለት አፍራ ልብሷ ላይ አመለጣት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት አልሄድም ብላ እያለቀሰች በግድ ነበር የምንወስዳት። ይቺ ልጅ ከመዘጋቱ በፊት የክፍሉ ወሬኛ ነበረች! እኛም «አድጋ ነው፣ ጨዋ ሆና ነው» አልን።

ኋላ ነው ያወቅኩት፤ የኛ ልጅ ብቻ አልነበረችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ያነጋገሯቸውን የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ መልሰው አነጋግረዋቸው ነበር። ልጆቹ ከሰው ጋር የመግባባት፣ ጓደኛ የመያዝ፣ ችግራቸውን ለሌላ የመናገር አቅማቸው ቀንሶ አገኙት። ጉዳቱ በተለይ በድሀ ቤት፣ በገጠርና በሴት ልጆች ላይ በርትቷል። ከሰው ጋር መግባባቱ የተሻለ ልጅ በሒሳቡም የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ደግሞ ልብ የሚባል ነው። «ጨዋታውን ተዉትና ትምህርቱን እናድን» ለሚሉን መልሱ እዚህ አለ፤ ጨዋታው ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል።

*

እስቲ ስለ አካል እናውራ፤ ይህን የሚያነሣ ሰው ብዙም አላይምና።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን የሚያሞቅ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። የኛ ልጅ ይህን ስልሳ ደቂቃ ሳያውቀው ያገኘው ነበር። ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል፣ በእግሩ ይመለሳል። በዕረፍት ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ድብብቆሽ፣ ኳስ። ጂም የለንም፣ መናፈሻም የለንም፤ የልጆቻችን ጂም የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተዘጋው የከተማ ልጅ የሚሮጥበት ብቸኛ ሜዳ ጭምር ነው።

ዓይናቸውስ? በቻይና ፌይቸንግ በምትባል ከተማ በየዓመቱ የልጆች ዓይን ይመረመር ነበር። ከ2015 እስከ 2019 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የርቀት ዕይታ ችግር ያለባቸው የ6 ዓመት ልጆች ቁጥር በየትኛውም ዓመት ከ5.7 በመቶ አላለፈም። በ2020 ልጆቹ ቤት ውስጥ ከቆዩ በኋላ ሲመረመሩ 21.5 በመቶ ሆነ። በጥቂት ወራት! ልጅ ዓይኑ በደህና እንዲያድግ ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን ያስፈልገዋል። የጫግኒ ፀሐይ በነጻ ነው፤ እኛ ግን መጋረጃ ዘግተን «አጥኑ» እንላለን።

በርቀት ሊላክ ፈጽሞ የማይችል ሌላም ነገር አለ። በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የሆድ ትላትልና የብልሃርዚያ መድኃኒት፣ በ2011 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት፣ ባለባቸው ቦታዎች ደግሞ የተማሪዎች ምገባ። እነዚህ ሁሉ በትምህርት ቤት በር ነው የሚገቡት። በቴሌግራም ክኒን አይላክም። በሬዲዮ ምሳ አይበላም።

ልብ በሉ፣ የገጠሩ ልጅ ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ስልክ ይዞ አልተቀመጠም፤ ስልክም የለው። የሱ አካል የተጎዳው በሸክም ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሬ ይጠምዳል፣ ከሰል ይሸከማል፣ ጠንከር ያለው ደግሞ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሴቷ ልጅ ከሆነች ሽማግሌ ይላክባታል። በ2012 ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረበት ወቅት ያለዕድሜ ጋብቻ እየበዛ መሆኑ በክልላችን በይፋ ሲነገር ሰምተናል። ክፍል ውስጥ ብትሆን መምህሯ ታያታለች፣ ጓደኞቿ ይጠይቃሉ፣ የልጃገረዶች ክበብ ድምፅ ያሰማል። ቤት ስትቀመጥ ማን ያያል? ያቺ ልጅ በርቀት ትምህርት መዝገብ ላይ «ተማሪ» ተብላ ተቆጥራ ይሆናል። እሷ ግን ሙሽራ ናት።

*

አሁን ደግሞ ወደሚያመው እንምጣ።

ከ2015 ክረምት ማለቂያ ወዲህ ክልላችን ያለበትን ታውቃላችሁ፤ ልንገራችሁ አልሞክርም። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ በ2017 ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸውን ተናግሯል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ያን ጊዜ «በቴሌግራም ይማራሉ» የሚለው ነገር እንኳ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ኢንተርኔት ሲመለስ የእህቴ ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት (ስሙ ይቆየን፤ እንዲህ ያደረገ እሱ ብቻ አይመስለኝም) «ሁኔታው እስኪረጋጋ በቴሌግራም እንቀጥላለን» አለ። ወርሃዊ ክፍያውም ቀጠለ። ግሩፑን ገብቼ አየሁት። ከሰማንያ በላይ ተማሪ፣ አንድ መምህር። መምህሩ በእጁ የጻፈውን ማስታወሻ ፎቶ አንሥቶ ይልካል። ልጆቹ ገልብጠው ፎቶ አንሥተው ይመልሳሉ። እሱ የአውራ ጣት ምልክት ያደርግበታል። አለቀ። የፕላዝማዋ «በጣም ጥሩ!» ተመልሳ መጣች፤ አሁን በአውራ ጣት።

መምህሩን አልወቅስም። ደመወዙ ወር የማያደርሰው፣ ራሱም የተጨነቀ ሰው ነው።

ልጅቷን ግን ማየት ነበረባችሁ። ለመማር ተብሎ የተሰጣት ስልክ በሁለተኛው ሳምንት የቲክቶክ ሆነ። ሌሊት ትነቃለች፣ ቀን ትተኛለች። ራሴን አመመኝ ትላለች፤ አንገቴን ትላለች። ምግብ አስጠላት። ውጭ ድንገት ድምፅ ሲሰማ ትደነግጥና ተመልሳ ስልኩ ውስጥ ትደበቃለች። እህቴ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ የደም ምርመራ ተደረገ፣ ታይፎይድም ወባም አልተገኘም። ሐኪሙ «ከሰው ጋር ትጫወታለች?» ብሎ ጠየቀ። እህቴ መልስ አልነበራትም።

አንድ ማታ «ምን ሆነሻል?» አልኳት። «ማንም አይጠራኝም» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ነገሩ ለካ ስም ጥሪ ነው። ክፍል ውስጥ በየጠዋቱ ስሟ ይጠራል፣ «አቤት» ትላለች። ስሟ ከተጠራ ወራት አልፏል።

ይህን ስሰማ በ2013 ያየሁት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን እዚሁ ጫግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው መጠለያ በነበሩበት ጊዜ ለዘገባ ሄጄ ነበር። አሥር ዓመት የሚሆነውን ልጅ «ከአገርህ ምን ናፈቀህ?» አልኩት። ከብቱን ይለኛል፣ ቤቱን ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ደወሉ» አለኝ። የትምህርት ቤቱን ደወል! ቤቱ ተቃጥሎ የመጣ ልጅ የናፈቀው፣ ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ የሚሮጥበትን ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ለዘገባዬ ማሳመሪያ አድርጌው አለፍኩ። ዛሬ ገባኝ።

*

«ታዲያ ልጄን ጥይት ወዳለበት ልላክልህ?» የሚለኝ አለ። እሱንም እመልሳለሁ፤ ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነውና።

አትላክ። ሕይወት ይቀድማል። ልጅ ወደ አደጋ ይግባ የሚል ሰው ካለ እኔም አብሬ እቃወመዋለሁ። ትምህርት ቤት ገብቶ የሚሰፍር ታጣቂ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ የነገ አገሩን እየወጋ ነው። መምህር የሚያስፈራራም እንደዚያው። ይህን ለማለት ፖለቲከኛ መሆን አያስፈልግም፤ የልጅ ዘመድ መሆን ይበቃል።

ነገር ግን ከተዘጋ ትምህርት ቤትና ከስልክ መካከል ሌላ መንገድ የለም ያለው ማን ነው? ከኛ በፊት ያለፉበት አሉ። በሴራሊዮን በኢቦላ ጊዜ፣ በ2014 እና 2015 በፈረንጆቹ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበር። በዚያው ወቅት ብዙ ልጃገረዶች አርግዘው ከትምህርት ቀሩ። ነገር ግን ልጃገረዶች በሰፈራቸው የሚሰባሰቡበት ክበብ በነበረባቸው መንደሮች ጉዳቱ ቀላል እንደነበር፣ ወደ ትምህርት የተመለሱትም የበለጡ እንደነበሩ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ሬዲዮው ለሁሉም ነበረ። ልዩነቱን ያመጣው ሰብሰብ የሚሉበት ቦታና የሚያውቃቸው ታላቅ ሰው መኖሩ ነው።

ለኛ ደግሞ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ሕንጻ ነበረው? የዛፍ ጥላ፣ አንድ የኔታ፣ ዙሪያውን ሀ ሁ የሚል ሕፃን። የቆሎ ተማሪ ከእናት አባቱ ርቆ፣ ተርቦና ተጠምቶ ተምሯል፤ ከየኔታውና ከጓደኞቹ ግን ርቆ አያውቅም። መስጊድ ግቢ ቁርኣን የሚቀራው ሕፃንም እንዲሁ ነው። ይህች አገር ትምህርትን ያለ መብራት፣ ያለ ወንበር፣ ያለ መጽሐፍ አስተምራለች። ያለ ሰው ግን አስተምራ አታውቅም።

«አዋቂዎች በርቀት ተምረው ዲግሪ ይይዙ የለም ወይ?» ይሉኛል ደግሞ። ይይዛሉ። ስንት መምህር በርቀት ትምህርት ራሱን አሻሽሏል፤ አከብረዋለሁ። አዋቂ ግን አካሉ አድጎ፣ ጠባዩ ጸንቶ፣ ለምን እንደሚማር አውቆ ነው የሚጀምረው። ልጅ እነዚህን ሦስቱን ነገሮች የሚያገኘው ከትምህርት ቤት ነው። ገና ያላገኘውን ነገር መነሻ አድርገህ ልታስተምረው አትችልም።

«ፈረንጆቹስ በኢንተርኔት አስተምረው የለ?» ላለኝም፦ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ከኛ እጅግ የተሻለ ኮምፒውተር፣ መብራትና ኢንተርኔት ኖሯቸው እንኳ ልጆቻቸው ተጎድተዋል። በ2021 ታኅሣሥ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ጤና አደጋ ላይ ነው ብሎ ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሁሉ ነገር ያላቸው ያልቻሉትን እኛ በአንድ የተሰነጠቀ ስልክ እንችለዋለን?

*

የኛዋ ልጅ እንዴት እንደሆነች ልንገራችሁ።

እህቴ ሰፈር ጡረታ የወጡ አንድ መምህርት አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። አንድ ቀን እህቴን «ያቺን ልጅ ላኪያት፤ የጎረቤቶቹንም ሰብስቤያለሁ» አሏት። አሥራ ሁለት ልጆች ሆኑ። በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ።

የመጀመሪያ ቀን ልጅቷን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። መምህርቷ ሬጅስተር መሰል ደብተር አውጥተው ስም ጠሩ። አሥራ ሁለት ልጅ ለመቁጠር ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር፤ እሳቸው ግን ጠሩ። የእህቴ ልጅ ስሟ ሲጠራ ዝም አለች። ደግመው ጠሯት። «አቤት» አለች፤ ድምፅዋ ለመሰማት ጥቂት ነበር የቀረው። በዚያ ቀን መጽሐፍ አልተከፈተም። ልጆቹ አኩኩሉ ተጫወቱ። ማታ ልጅቷ እግሯ በአቧራ ተለውሶ፣ ጉልበቷ ተልጦ ገባች፤ እንጀራ በላች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተኛች። እህቴ በር ላይ ቆማ አየቻትና አለቀሰች።

ተአምር አልተፈጠረም። በሒሳብ አሁንም ወደኋላ ናት። በድንገተኛ ድምፅ አሁንም ትደነግጣለች። የማንጎ ዛፍ ትምህርት ቤት አይተካም፤ ላቦራቶሪ የለው፣ ካሪኩለም የለው። ግን ራሴን የሚለው ቀርቷል። ትስቃለች። ከጓደኛዋ ጋር ትጣላለች፣ ትታረቃለች። መጣላትና መታረቅ እኮ ትምህርት ነው፤ በየትኛው ፒዲኤፍ ይላካል?

*

እንግዲህ የምለው ይህ ነው።

ለትምህርት ኃላፊዎች፦ ሬዲዮውንም ቴሌግራሙንም አትዝጉ፤ ተጨማሪ ሆኖ ይጠቅማል። ነገር ግን በርቀት የተመዘገበን ልጅ «በመማር ላይ ያለ» ብላችሁ አትቁጠሩ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ አገር ይጮኻል፤ በ2014 3.3 በመቶ አለፈ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 እያልን እንከራከራለን። ልጁ ይተኛል ወይ? ይበላል ወይ? ይጫወታል ወይ? የሚለውን የሚጠይቅ ሪፖርት ግን አላየሁም። ትምህርት ቤት መክፈት በማይቻልበት ሁሉ መምህሩን ደመወዙን ሳታቋርጡ በሚኖርበት ሰፈር አሥር አሥራ አምስት ልጅ ስጡት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለፈተና ሳይሆን ልጆቹን መልሶ ለማገናኘት አውሉት፤ በ2013 ይህን አላደረግንም፣ የሁለት ሳምንቱ ለቅሶ ከዚያ ነው የመጣው።

ለግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች፦ ለአውራ ጣት ምልክት የወር ክፍያ አትጠይቁ። ከጠየቃችሁም መምህራችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርቶ በስልክ ያናግር። ይህ ከባድ አይደለም።

ለካህናት፣ ለሼሆች፣ ለዕድር ዳኞች፦ ግቢ አላችሁ፣ ድንኳን አላችሁ፣ ሕዝቡ ይሰማችኋል። ድንኳኑ ለለቅሶ ብቻ ለምን ይተከላል?

ለወላጆች፦ ልጁ ስልክ ይዞ ዝም ስላለ ደህና ነው ማለት አይደለም። ዝም ያለ ልጅ ሲገኝ ነው መደንገጥ። የጎረቤትን ልጅ ጥሩ፣ የራሳችሁን ላኩ። ሰፈሩ ደህና በሆነበት ሰዓት አንድ ሰዓት ይሩጡ፤ ልብስ ይታጠባል።

ይህን ሁሉ በቴሌግራም እየጻፍኩ ቴሌግራምን መውቀሴ እንደሚያስቃችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ ለአዋቂዎች ነው የምጽፈው። ለእህቴ ልጅ ልጽፍላት ብፈልግ ግን በዚህ አልጽፍላትም፤ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ያ ቡና ላይ የተናገረው ወዳጄ ይህን ቻናል እንደሚያነብ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ያን ቀን ዝም ስላልኩ ይቅርታ። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና፣ ማንጎው ሥር ልውሰድህ። ስም ሲጠራ ስማ። «አቤት» ሲሉ ስማ። ከዚያ በኋላ «ዋናው ትምህርቱ አለመቋረጡ ነው» ብለህ ብትደግመው፣ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

ሰላሙን ያውርድልን። ደወሉን ያሰማን።

(ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ። በሰፈራችሁ እንዲህ ልጆች የምትሰበስቡ ካላችሁ እንዴት እንደጀመራችሁት ንገሩን፤ ሌላው ይማርበት።)

ከጫግኒ